በሩ ሳይከፈት

አማከለች ከነጩ ፔጆ አጠገብ የቆመውን ሰው በጀርባው ነው ያወቀችው። መስታወቱን ጎንበስ ብሎ ይወለውላል። የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጠጉሩንም ተስተካክሏል። እግሯ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ምነው ቆምሽ? መኪናው አይናከስም!» አላት የስምሪት ኃላፊው ጋሽ ወጋየሁ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ። «ሹፌሩም አይናከስም። ዛሬማ እይው፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ነው የመጣ።»

«ሌላ ሹፌር የለም፣ ጋሽ ወጋየሁ?»

«በእሑድ ምድር ከየት ላምጣልሽ? እሱም ዕረፍቱ ነበር፤ ‹ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ፣ ቤት ቁጭ ብዬ አልውልም› ብሎ ለምኖኝ ነው። አንቺም የታመመችውን አስጎብኚ ተክተሽ ነው የመጣሽው። እንግዳዋ በዘጠኝ ሰዓት ይበራሉ። በሉ፣ ከተማውን አሳዩና በጊዜ አድርሷቸው።»

ሮበሌ ዞር አለ። ያየው አማከለችን መሆኑን ሲያውቅ መወልወያው ጨርቅ ከእጁ ሊወድቅ ነበር፤ ያዘው።

«እንደምን አደሩ፣ ጓዲት» አለ።

«ደህና፣ ጓድ» አለች። እሷ ከፊት፣ እሱ ከመሪው ኋላ ተቀመጡ። በመካከላቸው የነበረው ቦታ ለአንድ ሰው አይበቃም፤ ለሦስት ዓመት ዝምታ ግን በቅቶ ነበር።

ላፍቶ ላይ ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ ድሮ የአባቷ የባላምባራስ ተካ ነበር። የሮበሌ አባት ሂርጳ የባላምባራስ ጭሰኛ ነበር። ልጆቹ መካኒሳ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተምረው አደጉ። እሱ ስምንተኛን እንደጨረሰ ትምህርቱን ትቶ መኪና መንዳት ለመደ፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ፍቅራቸው ግን ትምህርት አላቋረጠም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ድረስ የሰው የጭነት መኪና እየነዳ ይመጣና ከግንቡ ሥር ያቆማል፤ እሷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ትወጣለች። ሲያወሩ ውለው ሲለያዩ አንዱ የሌላውን አባት ስም አያነሳም። ባላምባራስ ለጭሰኛቸው ልጅ ልጃቸውን ይሰጣሉ ብሎ ማሰብ ዘበት ነበርና።

የመሬት ዐዋጁ ሲታወጅ እሷ ዘመቻ ወጥታ አርሲ ነበረች። ሮበሌ ጻፈላት፦ «ከእንግዲህ አባቴ የማንም ጭሰኛ አይደለም። ሽማግሌ ልልክ ነው።» እሷም ሣቋም ዕንባዋም መጥቶባት «ላክ» ብላ መለሰችለት። ቀን አልቆረጡም። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ ሲከፈት፣ መኪና ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ልቧ ድንግጥ ይል ነበር።

የመጣው ግን መርዶ ነው። ሰኔ ላይ፣ ገበሬዎች ዱላ ይዘው ገና ጎሕ ሲቀድ ከባላምባራስ ደጅ ተቀመጡ ተባለ። በማግሥቱም ደገሙ። ከፊት የተቀመጠው በንቲ ነው፤ አዲሱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር የሂርጳ ወንድም። ያን ሰሞን ባላባት ሁሉ ሌሊቱን በጭንቅ ነበር የሚያነጋው። ባላምባራስ ያላስመዘገቡትን ጠመንጃ ይዘው በጓሮ ወጡ፤ ወደ ወንዙ ወረዱ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ነበር። ሬሳቸው የተገኘው ከሰዓት በኋላ፣ ታች፣ ከድንጋዮቹ መካከል ነው።

ሮበሌ ለቅሶ መጣ። አማከለች ከድንኳኑ ጥግ ጠበቀችው። «ላክ ያልኩህ ይሄን ነው?» አለችው፣ ለሁለቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ አልፎ፣ ከል ለብሰው ከተቀመጡት ከእናቷ ከወይዘሮ ተሾመች ላይ አረፈ። አፉን ዘጋ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ስትጠብቅ ኖራለች። «አይደለም» እንዲላት። «አባትሽን እኛ አልገደልነውም፤ ሐሰት ነው» ብሎ በሰው ቢልክ፣ በመንገድ ቢያገኛት፣ ቢጮኽባት እንኳ። አላለም። ንጹሕ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ሌላ ወንድ ሲያነጋግራት ጆሮዋ የሚሰማው ያን የቀረውን ቃል ነበር። ጥላቻዋን በየማለዳው እንደ እሳት ካላራገበችው የሚጠፋባት ይመስላት ስለነበር፣ ታራግበው ነበር።

እንግዳዋ ዶክተር ራይና ይባላሉ። ከቡልጋሪያ የመጡ ሐኪም ናቸው፤ ስልሳውን ያለፉ፣ አጭር፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ። ከሆቴላቸው ሲወጡ ሮበሌን በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ የኋላውን በር ከፈተላቸው። እንግሊዝኛ ይናገራሉ እንጂ አማርኛ የሚባል ነገር አያውቁም።

መጀመሪያ ለገሃር ቆሙ።

«የይሁዳ አንበሳ ነው» አለች አማከለች በእንግሊዝኛ። «ጣሊያን ሲገባ ዘርፎ ሮም ወስዶት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ።»

ሮበሌ ይህን ታሪክ ሲነገር ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ በአማርኛ፣ «ጣሊያን እንኳ የወሰደውን መልሷል» አለ። «እዚህ አገር ግን ሰላምታ መመለስ የሚከብደው ሰው አለ።»

«ሰላምታ የሚመለሰው ለሰው ነው።»

«ምን አለ?» አሉ ዶክተር ራይና ከኋላ።

«ከነሐስ የተሠራ ነው ይላል።»

የአፍሪካ አዳራሽን አዩ፤ ዶክተሯ ከባለ ቀለሙ መስታወት ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆዩ። ሥላሴ ካቴድራል ገብተው ወጡ። አማከለች የምታውቀውን ሁሉ በትክክል አስረዳች፤ ድምፅዋ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ነበር። ስድስት ኪሎ ሲደርሱ ግን መኪናው ሳይታዘዝ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከግንቡ ሥር፣ ያ የጭነት መኪና ይቆምበት ከነበረው ቦታ ሲደርስ ቆመ።

አማከለች ቦታውን አላየችም። የሮበሌን እጅ ግን አየችው። ከማርሹ ላይ አርፏል፤ ጣቶቹ ወደ እሷ ተዘርግተው ነበር፣ እንደ ድሮው። አውቆ ያደረገው አይመስልም። እሷም እጇን ከጭኗ በታች አስገብታ ተቀመጠችበት።

«አደባባዩ ላይ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «ጣሊያን በግፍ የጨረሳቸው ሰዎች መታሰቢያ።» ከዚያ በአማርኛ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «እነዚህስ ሐውልት ቆመላቸው» አለች። «በዱላ ተከበው ወንዝ የገቡ ሰዎች ግን አስታዋሽ የላቸውም።»

ጣቶቹ ማርሹን ጨመደዱት።

«ተናገር እንጂ! አፍ የለህም?»

«አፍስ ነበረኝ።»

«የት ሄደ ታዲያ?»

«የታሰረ አፍ አይናገርም፣ አማከለች።»

ከሦስት ዓመት በኋላ ስሟን ከአፉ ሰማች። ላለማልቀስ ተቆጣች። «ማን አሰረው? ደሙ ነው ያሰረው!»

«ምን እያለ ነው?»

«ሐውልቱ… ስንት ዓመት እንደሆነው እየነገረኝ ነው።»

ፒያሳ ወርደው ጊዮርጊስን ዞሩ። አማከለች ስለ ስምንቱ ማዕዘን ገና መናገር ስትጀምር ዶክተር ራይና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ ሰው ስመረምር ነው የኖርኩት። ሰው ስለ ሕንፃ ሲያወራ አንገቱ ላይ እንዲህ ያለ ሥር አይገተርም። አንቺ የምትተረጉሚልኝ ሁሉ ነሐስና ዓመተ ምሕረት ነው።» ፈገግ አሉ። «አልጠይቅም። ሐውልት ግን በቃኝ። ሐውልት የኛም አገር ሞልቷል። ይልቅ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚበላው እህል የሚበቅልበትን አሳዩኝ።»

አማከለች ወደ ሮበሌ ዞረች። ከንፈሯ ላይ ክፉ ፈገግታ መጣ፤ ራሷም አወቀችው።

«ላፍቶ እንሂድ። እርሻ ማየት ይፈልጋሉ። የአባቴን መሬት አሳያቸው።»

«ዛሬ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ሌላ ቀን ያልሽው ድረስ እነዳልሻለሁ። ዛሬ ላፍቶ አልሄድም። አቃቂ ልውሰዳቸው፣ እዚያም እርሻ አለ።»

«የምትደብቀው ነገር አለ?»

«አለ» አለ።

«እንግዲያው እኔም ማየት የምፈልገው እሱን ነው።»

ሮበሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። ዓይኑ ውስጥ ያገኘችው ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። የሚለምናትን ሰው ማየት አስደሰታት። ደስታውም ወዲያው እንደ እሬት መረራት።

ሳር ቤትን አልፈው መካኒሳ ሲደርሱ አስፋልቱ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቅምት ነው፦ ጤፉ ጫፉ ላይ መብሰል ጀምሯል፣ ከብቱ ጠግቦ ጥላ ውስጥ ተኝቷል፣ ሰማዩ የታጠበ ነው። ዶክተር ራይና መስኮቱን አውርደው አየሩን እንደ ጠበል ጠጡት። ሮበሌ ግን በየጉድጓዱ ላይ መኪናውን እንደ ሕመምተኛ እያዘገመ ይነዳ ነበር።

መንገዱ ወንዙን ተሻግሮ አንድ ግቢ አጠገብ ሲታጠፍ ሰዎቹን አዩአቸው።

ከቆርቆሮው በር ፊት ለፊት፣ ከአንድ አሮጌ ወይራ ሥር ተቀምጠዋል። ሽማግሎች ናቸው፤ ቡልኮ ተከናንበው፣ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። አያወሩም። መኪናውን ቀና ብሎ ያየ የለም። ከፊት የተቀመጠው፣ ጢሙ የሸበተው፣ በንቲ ነው።

የአማከለች ደም ወደ ፊቷ ወጣ። አባቷ ከመስኮት ያዩት ይሄን ነበር። ልክ ይሄን። ጎሕ ላይ፣ ዱላ፣ ቡልኮ፣ ዝምታ።

«ደግሞ ዛሬ የማንን አባት ልትወስዱ ነው?» አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

ሮበሌ መኪናውን አቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

«ምን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው?» አሉ ዶክተር ራይና፣ ካሜራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው። «እንዴት ያምራሉ!»

ሮበሌ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ቀስ ብሎ ሌንሱን ከለለው። «ፎቶ አይነሱም በያቸው። ነውር ነው። ምን እንደሚጠብቁ ከጠየቁ…» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ልጅ ሊጠይቁ ነው የተቀመጡት።»

«ምን?»

«እየጠየቁ ያሉት እሳቸው አይደሉም? ንገሪያቸው። በኛ በኩል ሚስት የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ሽማግሎች በጠዋት መጥተው ከልጅቷ አባት ደጅ ይቀመጣሉ። በር አያንኳኩም፣ ቃል አይናገሩም። ፀሐይ ሲበረታ ይሄዳሉ። በማግሥቱም እንዲሁ። የቤቱ ጌታ ያውቃል፤ ‹ለምን መጣችሁ› ብሎ አይጠይቅም። በሦስተኛው ቀን በሩን ከፍቶ ‹ግቡ› ይላል።»

«ዱላ ይዘው?»

«ሽማግሌ ያለ ዘንግ ይሄዳል? እጃቸውን እዪ። የግራውን።»

አየች። ሁሉም በግራ እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ጥቂት፣ የታጨደ፣ ገና ያልጠወለገ። የሰላም ምልክት መሆኑን ማንም ሳይነግራት ገባት።

ቤታቸው ውስጥ ሣሩን ያየ ሰው አልነበረም። ወይም አይቶት ነበር፤ ዱላውን ካየ ዓይን ግን ሣር አይገባም። እሷ ስትጠብቅ የነበረው ነጭ ኩታ የለበሱ ሽማግሎች እሑድ ከሰዓት በር ሲያንኳኩ ነበር፤ ካህን ከፊት፣ «ቤቶች!» እያሉ። ለአባቷም ሽማግሌ ማለት ያ ነው። አርባ ዓመት ከሂርጳ ጋር ኖረው የሂርጳ ሰዎች ልጅ እንዴት እንደሚጠይቁ አያውቁም ነበር። ለምን ይወቁት? የጭሰኛ ሠርግ ላይ ሙክት ይልካሉ እንጂ አይቀመጡም።

«በማግሥቱም ደገሙ» አለች፣ ለራሷ። «ሁለት ጠዋት።»

ሮበሌ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቱ ያለውን አቧራ ያያል።

«ሮበሌ። እኛ ደጅ የተቀመጡት ለምን ነበር?»

«እኔ ስለ አባትሽ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። የነገርኩሽ እንግዳዋ የጠየቁኝን ነው።»

«ለምን ነበር!»

«አባቴ ምሏል። እኔም ምያለሁ።»

«ለማን?»

«ከቤታችሁ ማን ቀረ?»

የድንኳኑ ጥግ፣ የተከፈተው አፍ፣ ከትከሻዋ በላይ ያለፈው ዓይን። እናቷ። ሽማግሎቹ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ መጥተው ሁሉን ነግረዋቸው ነበር ማለት ነው፤ እናቷም አስምለው መለሷቸው። ልጄ አባቷ በእሷ ሠርግ ምክንያት መሞቱን ከምታውቅ፣ እናንተን ጠልታ ትኑር። እናቷ የሚሉትን ቃል በቃል ሰማችው፤ ድምፃቸውን ታውቀዋለችና።

«እኔ ጠላሁህ» አለች። «በየቀኑ።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ ዝም አልክ?»

«አንቺ እኔን ብትጠዪ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል ብዬ። ራስሽን ብትጠዪ ግን…»

ዕንባዋ ሳትፈቅድለት ወረደ። ከኋላ ዶክተር ራይና ካሜራውን ጭናቸው ላይ አኑረዋል። አማከለች እጇን ከጭኗ ሥር አወጣች። ወደ ማርሹ፣ ወደዚያ ሻካራ እጅ ሊሄድ ሲል፣ ዓይኗ ሸሚዙን አየ። የተተኮሰውን። ዕረፍቱን ትቶ ቤት አልውልም ያለውን ሰው። ላፍቶን ዛሬ አልሄድም ያለውን። ከወይራው ሥር ያለውን በንቲን፣ አጎቱን።

«ዛሬ የተቀመጡት ለማን ነው?» አለች።

ሮበሌ ዓይኑን ጨፈነ።

«ለኔ።»

ከእርሻው በኩል አንድ ወፍ ጮኸች፤ ከዚያ ተወችው።

«የፈየራ ልጅ ናት፣ ቡዜ ትባላለች» አለ ቀስ ብሎ። «አባቴ ታሟል። ‹ሳልሞት ቤት ያዝ› አለኝ። እምቢ ስል ዓመት አለፈኝ። ዛሬ ሦስተኛው ጠዋት ነው። ፈየራ ልጁ በቀላሉ የተሰጠች እንዳይመስል አስረፈዳቸው እንጂ እስካሁን በከፈተ ነበር።» ወደ እሷ ዞረ። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ። «አማከለች፣ በሩ ሳይከፈት የኔ ቃል የኔው ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን የነሱ ነው። አንዲት ቃል በይኝ። አሁን ወርጄ ኦቦ በንቲን ‹ተነሱ› እለዋለሁ። ይርገመኝ፣ ይምታኝ፣ ግድ የለኝም። አንዲት ቃል!»

ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሰው አሁን ከእሷ ቃል ይጠብቃል። «ተነሱ በላቸው» ለማለት ከንፈሯን አላቀቀች።

ከበሩ ጎን፣ ከአጥሩ ጭራሮ መካከል፣ ሁለት ጣቶች ወጥተው እንጨቱን ፈልቀቅ አደረጉት። በክፍተቱ አንድ ዓይን ታየ፣ የተኳለ። ሽማግሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ እንዳልሄዱ ያረጋግጣል። ያላመነ ይመስል፣ እንደገና ይቆጥራል። ይህች ልጅ ሦስት ጠዋት እንዲህ ቆማለች። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ጥሏት የተነሳ ልጅ ደጅ ላይ ከዚያ በኋላ ማንም አይቀመጥም።

አማከለች የእሷን ሽማግሎች አጮልቃ አላየቻቸውም። ያዩአቸው አባቷ ናቸው፤ አይተውም ሞቱ።

«በይኝ» አለ ሮበሌ።

ዝም አለች። ለቡዜ ብላ ይሁን፣ ለአባቷ ነፍስ ይሁን፣ ወይስ የዚያ ክፉ ኩራቷ ርዝራዥ አንደበቷን ይዞት፣ ያን ጊዜም ኋላም ለይታ አላወቀችውም። ዝም ማለቷን ብቻ አወቀች። የሮበሌ ፊት ቀስ በቀስ ሲዘጋ አየችው።

የቆርቆሮው በር ተንቋቋና ተከፈተ።

ሽማግሎቹ ተነሱ። ሣራቸውን ከፍ አድርገው፣ በንቲ ከፊት፣ ወደ ውስጥ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ከግቢው እልልታ ፈነዳ፤ አንድ ሴት ጀመረችው፣ ሌሎች ተቀበሉት፣ በሜዳው ላይ ተንከባለለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ዶክተር ራይና በቀስታ።

አማከለች ፊቷን ጠረገች። «ሠርግ ሊሆን ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «የልጅቷ አባት እሺ አለ።»

«የማን ሠርግ?»

«የሹፌራችን።»

ዶክተሯ የአንዱን ጀርባ፣ የሌላዋን ጉንጭ አዩ። አርባ ዓመት ሰው የመረመረ ዓይን ያየውን አየ። «እንግዲያው…» አሉ፣ «እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ።»

«እንኳን ደስ ያለህ ይሉሃል።»

ሮበሌ ሞተሩን አላስነሳም። «አንቺስ?»

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ» አለችው።

አውሮፕላን ማረፊያ ዶክተር ራይና አቅፈው ሳሟት። ሮበሌ ሻንጣቸውን አውርዶ ሲመለስ አማከለች መኪናው ውስጥ አልነበረችም። አውቶቡስ ይዛ፣ የቀረውንም በእግሯ ሄዳ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መካኒሳ ቤቷ ደረሰች። ሰፊው ቤታቸው ከተወረሰ ጀምሮ እናትና ልጅ የሚኖሩት በዚህ በቀበሌ ቤት ነው።

በመንገድ ሁሉ ለእናቷ የምትለውን ስትደረድር ነበር። ማን ፈቀደልሽ? ሕይወቴን በማን ሥልጣን ዳኘሽው? እኔን ብለሽ ነው ወይስ ራስሽን? ቃላቱ እንደ ቢላ ተስለው ነበር በሩ ላይ የደረሱት።

ወይዘሮ ተሾመች መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። እራት ቀርቧል፤ በክዳን ተሸፍኗል። መብራት አላበሩም። ልጃቸው ስትገባ ቀና ብለው ፊቷን አዩ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ አዩት።

«የአማኑኤል ማኅበርተኛዬ ከላፍቶ መጥታ ነበር» አሉ። «የሂርጳ ልጅ ዛሬ ሚስት ጠይቆ ተሰጠው አለችኝ።»

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ።»

«ደግ ልጅ ነበር።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የሂርጳ ልጅ ስም ሲነሳ እናቷ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አሁን ያቺን አጭር ቃል ከየት አምጥተው እንዳወጧት አማከለች አየች። ጥላሸት የመሰለው የሐዘን ልብሳቸው ውስጥ ትከሻቸው አንሷል፤ እንደ ልጅ ትከሻ። ባላቸውን በጓሮ የሸኙት እሳቸው ናቸው፤ በሩን የከፈቱላቸው በገዛ እጃቸው። የዚህን ጸጸት ከማንም ጋር ሳይካፈሉ ይዘውት ኖረዋል። የሳለችው ቢላ ማንን ሊወጋ እንደነበር ገባት።

«ነበር» አለች አማከለች። ሌላ አልጨመረችም።

ልትታጠብ ወደ ማንቆርቆሪያው ስትሄድ እናቷ ቀድመው ተነሱ። አነሱት።

«ኧረ እማዬ! እኔ ነኝ እንጂ ላንቺ የማፈስ።»

«ዛሬ ተይኝ» አሉ ወይዘሮ ተሾመች።

አማከለች እጇን ዘረጋች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል። እጇ ታጠበ፤ ጠራ። «በቃ» የምትለው እሷ ነበረች፤ አላለችም። እናቷም ማንቆርቆሪያውን አላቀኑም። ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ አንዷ የሌላዋን ፊት ሳታይ፣ ውሃው ከሳህኑ ሞልቶ ወለሉ ላይ እስኪፈስ ድረስ እንደዚያው ቆሙ።